ጉሬዛ ቤት እንድትገባ

ትንግርት ድመት ትፈልጋለች። በጣም፣ በጣም፣ በጣም ትፈልጋለች!

ጎረቤታቸው እትዬ በላይነሽ ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽዬ ድመት አለቻቸው። ስሟ ጉሬዛ ነው።

«ጉሬዛን እሰጥሻለሁ። ቤታችሁ ለድመት የሚያሰጋ ነገር ካለው ግን አልሰጥሽም» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ከሰዓት መጥቼ አያለሁ።»

«አስተካክለዋለሁ!» አለች ትንግርት ወገቧን ይዛ።

ወዲያ አየች፤ ወዲህ አየች። ምንም የሚያሰጋ ነገር አላገኘችም።

«አንቺ ረጅም ነሽ፤ ጉሬዛ ግን አጭር ናት» አለ አባቷ እየሳቀ። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ያለው ቤት ውስጥ ነው።

«እንግዲያው፣ እንደ ድመት ልይ!» አለች ትንግርት። በእጇና በጉልበቷ ዳኸች።

ዳኽ፣ ዳኽ፣ ዳኽ። የስፌት መኪናው ሥር መርፌዎች ወድቀዋል!

«አባዬ፣ ጉሬዛ ብትውጣቸውስ?» አባቷ መሳቁን ተወና ማግኔቱን አመጣ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! መርፌዎቹ ተለቀሙ።

«እንደ ድመት ልይ!» ዳኽ፣ ዳኽ፣ ዳኽ። ቁም ሣጥኑ ሥር የአይጥ መርዝ አለ!

«አልነካውም! እማዬ፣ ነይ!» እናቷ በርሜሉን ውሃ እየሞላች ነበር። ዛሬ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ሮጣ መጥታ መርዙን ጠርጋ አወጣችው።

የትንግርት ጉልበት ቆሸሸ። አፍንጫዋ ውስጥ አቧራ ገባ። «እንጥሽ!»

«ይማርሽ!» አለች እናቷ።

ኳ! ኳ! ኳ! እትዬ በላይነሽ ቅርጫት ይዘው መጡ። ወለሉን አዩ፤ ጥጋጥጉን አዩ። «ጎበዝ!» ብለው ጉሬዛን ለቀቋት።

ጉሬዛ ግን ወለል ላይ የምትቆይ ድመት አይደለችም። እመር! ወንበር ላይ ወጣች። እመር! በርሜሉ ጠርዝ ላይ ወጣች።

በርሜሉ ሞልቷል። ክዳኑ አልተዘጋም። የጉሬዛ እግር ተንሸራተተ!

ትንግርት ሮጣ ቀለብ አደረገቻት።

እትዬ በላይነሽ ደነገጡ። «አይ ልጄ፣ ይዣት ልሂድ» ብለው ጉሬዛን ወደ ቅርጫቷ መለሷት።

የትንግርት ዓይን እንባ ሞላ። ግን አላለቀሰችም። «እትዬ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ!»

ክዳኑን ጎትታ ዘጋችው። ድም! ወንበሩን ከበርሜሉ አራቀችው። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ።

«ድመት ታች ብቻ አትሄድም፤ ላይም ትወጣለች። እንደ ድመት ልይ!» አለችና ወንበሩ ላይ ቆመች።

ከላይ ሆና ምን አየች? ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የአባቷን ትልቅ መቀስ! አባቷ አፍሮ መቀሱን ሣጥን ውስጥ ከተተው።

«ይህንንስ እኔም አላየሁት» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ውሃ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ማን ይዘጋል?»

«እኔ!» አለች ትንግርት።

እትዬ በላይነሽ ቅርጫቱን ከፈቱት። «በይ፣ ጉሬዛ ያንቺ ናት!»

መሸ። ትንግርት አልጋዋ ላይ ወጣች፤ ጉሬዛም ተከትላ ወጣች።

«እማዬ፣ ክዳኑስ?»

«ተዘግቷል።»

«መቀሱስ?»

«ሣጥን ውስጥ ነው። ተኚ፣ የኔ ጎበዝ።»

ኩርርር... ኩርርር... ጉሬዛ ጥቅልል ብላ ተኛች።

«እንግዲያው፣» አለች ትንግርት እያዛጋች፣ «እንደ ድመት ልተኛ።»

ጥቅልል ብላ ተኛች።