አይ፣ ይቅርብኝ

«ወርዶ በሩን መግፋት የሚፈልግ አለ?» ብላ አስጎብኚዋ በእንግሊዝኛ ስትጠይቅ ሰገነት ቀና ብላ አባቷን አየችው። ዓይኖቹ በርተዋል። ከጀልባው አግዳሚ ሊነሣ ምንም አልቀረውም።

አስጎብኚዋም አየችው። «ጌታዬ፣ እርስዎ ይሞክራሉ?»

«ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ አባቷ ዓባይነህ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ እያለ።

«እሺ!» አለችና ወደ ሌላ ሰው ዞረች። የኦሃዮ ስቴት ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ሁለቴ ሳይጠየቅ ከጀልባው ዘሎ ወረደ።

ዓባይነህ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰገነት ምን እንደተፈጠረ ወዲያው ገባት። አባቷ እምቢ ማለቱ አልነበረም። እነሱ ቤት እንግዳ ሲመጣ «ብላ» ይባላል፤ እንግዳው «አሁን በላሁ» ይላል። «በሞቴ» ይባላል፤ «ኧረ ይቅርብኝ» ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን ተነሥቶ እጁን ይታጠባል። እዚህ አገር ደግሞ «ኖ» ካልክ ኖ ነው፣ አለቀ። ዓባይነህ አሥራ አንድ ዓመት ኮሎምበስ ኖሮ ይህችን ነገር አልለመዳትም።

በሩም እንዲሁ በር ብቻ አልነበረም። ዓባይነህ ኒው አልባኒ ካለው መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ውሎ ፎረስት ፓርክ ያለው ቤታቸው ሲገባ፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ብሎ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ በረጅምና ጠባብ ጀልባ የሚጓዙ ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚለቁት ቪዲዮ! ምንም አይፈጠርበትም። ጀልባዋ በግንብ ወደተከበበ የውኃ ክፍል ትገባለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል፣ ውኃው ይሞላል ወይም ይጎድላል፤ ጀልባዋም ከፍ ወይም ዝቅ ብላ በፊተኛው በር ትወጣለች። «ይኼ ሰውዬ ጀልባ አገባብኝ እኮ» ትላለች የሰገነት እናት።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ኦሃዮ ውስጥም እንዲህ ያለ ቦይ እንዳለ ሰማ። ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ሰሜን መንዳት ነው፤ ጀልባውን የሚጎትቱት ሁለት በቅሎዎች ናቸው፤ የዘንድሮው ጉዞ የሚያበቃው ደግሞ በዚህ ቅዳሜ ነው። ሰገነት አብራው ለመሄድ አንድ ነገር አስምላዋለች።

«ዛሬ ትራንስሌት አላደርግም። ላንተ ብዬ ማንንም አላናግርም። ዲል?»

«ዲል» ብሏት ነበር።

ባንክ ቢሉ፣ ኢንሹራንስ ቢሉ፣ ስልኩ የሚሰጠው ለእሷ ነው። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሰልችቷታል። በዚያ ላይ የማታውቀው ሰው ፊት መናገር ያስፈራታል፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም። አባቷ ቃሉን ጠበቀ። አሁንም «እስቲ ንገሪያት» አላላትም።

ውኃው እየጎደለ ጀልባው በሁለቱ ግንቦች መሐል ቀስ ብሎ ወረደ። ታችኛው በር ተከፈተ። በቅሎዎቹ ገመዱን ወጥረው በዳርቻው መንገድ ኮቴያቸውን እያሰሙ ተጓዙ። ዛፎቹ ሁሉ ቢጫና ቀይ ሆነዋል፤ ቅጠሉ ውኃው ላይ ይረግፋል። ሰገነት ስልኳን ማየት ከረሳች ቆይታለች፤ ደስ ብሏታል።

«አየሽ ሰጊ፣ ሞተር የለ፣ ምን የለ» አለ አባቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ውኃው ራሱ ነው የሚያወርድሽም የሚያወጣሽም።»

«ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ምን ሆኜ? ማየቱ ራሱ ይበቃኛል።»

ውሸቱን ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ያያል። አንጀቷን በላት።

ጀልባው ዞሮ ተመለሰ፤ ወደ ውኃው ክፍል ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ ውኃው ይሞላ ጀመር። የቀረው ላይኛው በር ብቻ ነው። ሰገነት መጀመሪያ «ዲል ዲል ነው» አለች በልቧ። ከዚያ ተነሣች። በሰዎቹ መሐል አልፋ አስጎብኚዋ ዘንድ ደረሰች።

«አባቴን ደግመሽ ጠይቂልኝ» አለቻት በእንግሊዝኛ። «ቅድም ኖ ያለው እየፈለገ ነው። አሁንም ኖ ይልሻል፤ እንዳትሰሚው። ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው።»

«ሦስት ጊዜ?»

«ጨዋነት ነው፤ እኛ ጋ እንደዚያ ነው።»

አስጎብኚዋ ሣቋን አፍና ሄደች። «ጌታዬ፣ በሩን ይገፉልናል?»

«ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኦኬ።»

«ግድ የለም፣ ይምጡ።»

«ኖ፣ ሪሊ፣ ታንክ ዩ።»

«ካልመጡማ እቀየማለሁ!»

ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ዓባይነህ ዳርቻው ላይ ነበር። በሩ የሚገፋበትን ረጅም ግንድ በጀርባው ተደገፈ። ባለኮፍያው ሰውዬ «ግፋ!» ብሎ ከጀልባው ጮኸ። ዓባይነህ ራሱን ነቀነቀ። «ኖት ዬት» አለ። «ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ካልሆነ መቶ ሰውም አይከፍተውም።» ሁለተኛውን በአማርኛ ነበር ያለው፤ አስጎብኚዋ ግን ውኃውን አይታ «ልክ ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ሰገነት ዞረች። «አንቺስ? ለአንድ ሰው ቦታ አለ።»

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች ሰገነት። እንዴት ከአፏ እንደወጣ እሷም አላወቀችም።

«አስክ ኸር አጌን!» ብሎ አባቷ ከዳርቻው ጮኸ፣ ማንም ሳይተረጉምለት። «ፕሊስ! ሺ ኢዝ ማይ ዶተር!»

ጀልባው ሙሉ ሰው ሣቀ። ሰገነት ፊቷ ጋለ። አስጎብኚዋ ደግማ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ሰገነት አልጠበቀቻትም፤ ተሻግራ ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር።

«አሁን ነው፣ ዳድ?»

«ገና ነው። ስንዝር ቀረው።»

ጀርባዋን ግንዱ ላይ አስደግፋ ከእሱ ጋር መጠበቅ ጀመረች።