የሞተች እናት ትፈለጋለች

«እናቴ ሞታለች በይ» አሉ ጋሼ ገሠሠ እስክሪብቷቸውን አንስተው።

«አልሞተችም እኮ ጋሼ። ወለንጪቲ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች» አለች ጉዲቱ።

«እሱን እኔ አውቃለሁ። ፈረንጇ ግን አታውቅም።»

ጋሼ ገሠሠ ናዝሬት ውስጥ የጎዳና ልጆችን የሚያስተምር የእርዳታ ድርጅት አስተባባሪ ናቸው። በየስድስት ወሩ እያንዳንዱ ልጅ፣ ምሳና ደብተሩን ለሚችልለት ፈረንጅ ደብዳቤ ይልካል። ልጁ ይናገራል፣ እሳቸው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ዘንድሮ፣ በሰባ ስምንት፣ ድርጅቱ ወላጅ ላለው ልጅ ቦታ የለኝም ብሏል። ጉዲቱ ደግሞ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ዕድሜዋ ግን አሥራ አራት። ድርቁ ነው ከወለንጪቲ ገፍቶ ናዝሬት በረንዳ ላይ የጣላት።

ለጉዲቱ መዋሸት ውሃ እንደ መጠጣት ነው። መናኸሪያ ቆሎ ስታዞር፣ ከሶደሬ ከአዞ ጋር ሎንቺና ተሳፍራ እንደመጣች፣ ረዳቱም ለአዞው ጅራት ሌላ ትኬት እንደቆረጠ ያልነገረችው ሹፌር የለም። በቁሟ ያለች እናትን መግደል ግን ሌላ ነው። ሟርት ነው።

«ምላስሽን ዛሬ ምን ያዘው?» አለ ከኋላዋ የተሰለፈው መርጋ። «እኔ አባቴን ሁለቴ ቀብሬዋለሁ። አንዴ በወባ፣ አንዴ በጎርፍ። ትናንት ጠላ ቤት አየሁት፣ ደህና ነው።»

ሰልፉ ሳቀ። ጋሼ ገሠሠ አልሳቁም።

«አዞ በላት ልበል?» አለች ጉዲቱ።

«አትቀልጂ። በረሃብ በይ፣ ይበቃል።»

«እንግዲያው እኔን ይግደሉኝ። ጉዲቱ ሞተች ብለው ይጻፉ።»

«ለሞተ ልጅ ማን ደብተር ይገዛል፣ ደነዝ? ውጪ ሃያ ልጅ ቦታሽን ይጠብቃል። እናቶቻቸውን ባንድ አፍ ይቀብሩልኛል።» ወረቀትና እስክሪብቶ ገፉላት። «ራስሽ በአማርኛ ጻፊው፣ እኔ እተረጉመዋለሁ። ስመለስ እናትሽ ካልሞተች ስምሽን እሰርዛለሁ።» ወጡ።

ጉዲቱ እስክሪብቶውን አነሳች። ከሁለት ዓመት በፊት ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። ፊደል የቆጠረችው እዚሁ ቤት ነው። ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ፊደል ያስቆጠራት ቤት በዚያው ፊደል ውሸት ጻፊ አላት።

ጻፈች። «እናቴ ዘርፉ ትባላለች። ወለንጪቲ ሽንኩርት ትሸጣለች። ቅዳሜ ልጠይቃት እሄዳለሁ።»

መርጋ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «አበድሽ እንዴ?»

ጉዲቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ በሩ ሄደች። ደብተሯን ጉያዋ ሸጉጣዋለች። ደብተሩ የድርጅቱ ነው፤ ግማሹ ገና አልተጻፈበትም። እሱን ግን አልመለሰችም።