በየሩብ ሰዓቱ አንድ ምት

ይህን የምጽፈው የጉዞውን ማስታወሻ ደብተር ከፊቴ ዘርግቼ ነው። ገጾቹ በጨው ውሃ አብጠዋል፤ ሰዓቶቹ ግን ይነበባሉ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የመሰለኝን አልጨመርኩበትም። ማመን የሚከብደው ካለ አልቀየመውም... እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

ቀኑ ጃንዋሪ አሥራ ሰባት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው አውስትራሊያ ውስጥ ካለው ከኤደን ወደብ በስተደቡብ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ።

ቀን ነው የሆነው። በብርሃን።

ጀልባዋ አሥር ሜትር ርዝመት ያላት፣ አካሏ ከብረት የተሠራ፣ አንድ ምሰሶ ያላት ያገለገለች የሸራ ጀልባ ነበረች። ታዝማኒያ፣ ሴንት ሄለንስ ላይ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከኪየራን ጋር ገዛናት። ሁለት ቀን ሙሉ መረመርኳት። ብረቷን በመዶሻ አንኳኳሁ፤ ገመዶቿን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኩ። እንከን አላገኘሁባትም።

ኪየራን ወደቡ ላይ ቢራውን ይዞ ይስቅብኛል።

"ብሮን፣ ልታገቢያት ነው እንዴ? ጥርሷንም ቁጠሪያ!"

"ስትሰምጥ ደግሞ እንዴት እንደምትስቅ እናያለን።"

"እኔ አልሰምጥም። መራራ ነኝ፤ ባሕሩ መልሶ ይተፋኛል።"

ኪየራን እንዲህ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት፣ ምንም ነገር ከምር የማይዝ። ልንነሳ ስንል ሚስቱ ታምሲን ከኤደን ደወለችልኝ።

"ብሮንዊን፣ ጀልባዋ ብትቀር ትቅር። እሱን አምጪልኝ።"

"አመጣዋለሁ" አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን ነፋሱ መልካም ነበር። ያኔ ነው አንድ ትንሽ ነገር ያስተዋልኩት...

ኪየራን ታች ተኝቷል። እኔ የመሪውን እጀታ ለቅቄ፣ የተጠላለፈ ገመድ ልፈታ ወደ ፊት ሄድኩ። መሪውን አላሰርኩትም። የትኛዋም ጀልባ መሪዋ ሲለቀቅ ወደ ነፋሱ ትዞራለች።

ይቺ አልዞረችም።

ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ ሰው እንደያዛት ቀጥ ብላ ሄደች።

ተመልሼ እጀታውን ጨበጥኩት።

ሞቃት ነበር።

ዝናብ እየወረደበት ነው። እኔ ከለቀቅኩት ስድስት ደቂቃ ሆኖታል። እንጨቱ ግን አንድ ሰው አሁን እጁን ያነሳበት ያህል ይሞቃል።

ለኪየራን ስነግረው አፉን በዳቦ ሞልቶ አየኝ። "ጎበዝ ጀልባ ገዛን ማለት ነው። አታሟርቺባት።"

ደብተሬ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የመሪው እጀታ ሞቃት። ምክንያቱ አልታወቀም።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የደቡቡ ነፋስ መጣ።

መጀመሪያ ሰማዩ በደቡብ በኩል ጥቅል ሆኖ ጠቆረ። ከዚያ አየሩ ጸጥ አለ። ከዚያ... በጥፊ መታን።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ማዕበሉ ከጀልባዋ ጣሪያ በላይ ሆነ። አንደኛው በጎን አንሥቶ ሲጥለን ምሰሶው ውሃ ነካ። እኔ ታች ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተወረወርኩ፤ ግንባሬ ተሰነጠቀ። ጀልባዋ ቀና ስትል ራዲዮው ውሃ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንንም መጥራት አንችልም ነበር።

በትንሿ ሸራ ብቻ፣ ነፋሱን ከኋላ ይዘን፣ ወደ ኤደን መሮጥ ብቻ ነው የቀረን። በየተራ አንዳችን ከላይ መሪ እንይዛለን፤ አንዳችን ታች ሆነን ውሃ እንቀዳለን።

እዚህ ላይ የአባታችንን ሕግ መናገር አለብኝ። አባታችን ሎብስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ አጥማጅ ነበር፤ ይህን ሕግ በቀበቶ ጭምር ነው ያስተማረን። ከላይ ያለው ሰው በየሩብ ሰዓቱ በብረት ወለሉን አንድ ጊዜ ይመታል። አንድ ምት "አለሁ" ማለት ነው። ሁለት ምት "ድረስልኝ"። ታች ያለው ምቱን እስከሰማ ድረስ የመውጫውን መዝጊያ አይከፍትም። ክፍቱን አንድ ማዕበል ካገኘው ጀልባዋ ሞልታ ትሰምጣለችና።

ኪየራን ሊወጣ ሲል ያዝኩት።

"ማሰሪያህን አያይዘሃል?"

"አያይዣለሁ፣ እመቤቴ።"

"አሳየኝ።"

"ኧረ ታምሲን እንኳን እንዲህ አትፈትሸኝም!" ከጀልባዋ ጋር የሚያስረውን፣ ደረቱ ላይ ያለውን መቆለፊያ ጎትቶ አሳየኝ። ቁልፉ በሁለት እጅ ካልሆነ አይከፈትም። "በቃሽ? ሾርባ ሥሪልኝ።"

መዝጊያውን ከኋላው ዘጋሁ።

እያንዳንዱን ምት ጻፍኩ። ደብተሩ ላይ እንዳለ ልገልብጠው።

ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት... ኳ።

ስምንት ከሠላሳ ሦስት... ኳ።

ስምንት ከአርባ ሰባት... ኳ።

ዘጠኝ ሰዓት... ኳ።

ዘጠኝ ከአሥራ አምስት... ኳ።

እርሳሴ ቆመ።

ገጹን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ኪየራን በሕይወቱ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ለሠርጉ እንኳን አርፍዷል። ምቶቹም እንደ እሱ ነበሩ፤ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ የዘገዩ።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ሰከንድ እንኳን አላዛነፉም።

ደግሞ ሌላ ነገር... አሁን ሳስበው፣ እነዚያን ሁለቱን ከራሴ በላይ አልነበረም የሰማኋቸው።

ከእግሬ በታች ነበር። ከጀልባዋ ሆድ። ውሃው ካለበት በኩል።

"ኪየራን!"

መዝጊያውን ከፍቼ ወጣሁ።

ከላይ ማንም የለም።

ማሰሪያው በጀልባዋ ፊት በኩል ውሃ እያላተመው ተዘርግቷል። አንደኛው ጫፍ በጀልባዋ ገመድ ላይ እንደተቆለፈ ነው። በወንድሜ ደረት ላይ የነበረው ጫፍ ተከፍቷል። አልተበጠሰም። ተከፍቷል።

መሪው ግን ይንቀሳቀሳል...

ማዕበል ከኋላ ሲያነሳን በጥቂቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሲያወርደን ወደ መሐል ይመለሳል። ባሕሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው። ከኪየራን ይሻላል። ከእኔም ይሻላል።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። አሰላሁ። የመጨረሻው የእሱ ምት ስምንት ከአርባ ሰባት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመታው እሱ አይደለም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። በምንሄድበት ፍጥነት ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ቀርቷል። ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሷል። ውሃው ቶሎ የሚገድል ቅዝቃዜ የለውም።

አሁን ከዞርኩ አገኘዋለሁ።

ሞተሩን አስነሣሁ። የመሪውን እጀታ ይዤ ገፋሁ።

አልሄደም።

በሁለት እጄ ገፋሁት። በትከሻዬ ገፋሁት። ጀርባዬን አስደግፌ በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ይሞቃል። እንጨቱ ከመዳፌ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ጡንቻ ሲወጠር እንደሚንቀጠቀጠው።

"ልቀቀው" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላውቅም። "ወንድሜ ነው... ልቀቀው!"

እጀታው በድንገት ወደ እኔ ተወረወረና ጎኔን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት። ተንሸራትቼ ስወድቅ አገጬ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ አፌ በደምና በጥርስ ስባሪ ተሞላ። ማዕበሉ በላዬ አለፈ። የራሴ ማሰሪያ ባይዘኝ ኖሮ እኔም ሄጄ ነበር።

ውሃው ሲወርድ እጄ የገመድ መጠምጠሚያው የሚዞርበትን የብረት ዘንግ አገኘ። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ነው።

በጉልበቴ ቆምኩ። አንድ ሰው መሪ ሲይዝ ክንዱ የሚያርፍበትን ቦታ አየሁ። ባዶ አየር ነው።

መታሁት።

ብረቱ አየሩን አልፎ አልሄደም። ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ...

ደግሜ መታሁት። ባለኝ ኃይል ሁሉ።

እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ሰማሁ። እንጨቱ ግን ደህና ነበር።

ሦስተኛ መታሁ። እየጮኽኩ ነበር፤ ምን እንደምል አላስታውስም። እጀታው ላላ። ያለ ምንም ችግር እጄ ውስጥ ገባ።

ጀልባዋን አዞርኳት።

ስንመጣ ከኋላ ይገፋን የነበረው ማዕበል አሁን ፊት ለፊት ነው። ጀልባዋ እየወጣች ትወድቃለች፤ በወደቀች ቁጥር የተሰበረው ጎኔ ውስጤን ይወጋኛል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። እያንዳንዷን ቆጠርኩ።

ፊሽካ ሰማሁ።

ከዚያ ብርቱካናማ ነገር... ጠፋ። እንደገና ታየ። እጁን አነሣ።

የሸራ ማንሻውን ገመድ ወረወርኩለት፤ ወገቡ ላይ ቆለፈው። ጀልባዋ ግን ለማንም አታዝንም። ስትነሣ ከውሃ መንጥቃ ታወጣዋለች፤ ስትወድቅ በብረት ጎኗ ትደበድበዋለች። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ትከሻው ከቦታው ሲወጣ አየሁ። እንደ እንስሳ ጮኸ።

"አቁሚ! ብሮን፣ አቁሚ፣ ገደልሽኝ!"

አላቆምኩም። ባቆም ውሃው ይወስደዋል። እሱ እየጮኸ እኔ ገመዱን መጠምጠሜን ቀጠልኩ። ደሙ በነጩ ቀለም ላይ እየወረደ፣ ማዕበሉ እያጠበው፣ እንደገና እየወረደ... በመጨረሻ እንደ ጆንያ በላዬ ወደቀ።

ይተነፍሳል።

ከመሪው አጠገብ አስሬ አስተኛሁትና ጀልባዋን ወደ ኤደን መለስኳት። አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

"ለምን ጠራሽኝ?"

"አልጠራሁህም።"

"ከፊት በኩል... ሁለት ጊዜ መታሽ። ሰማሁ።"

"ኪየራን፣ ታች ነበርኩ።"

"በፊተኛው መዝጊያ ወጥተሽ የወደቅሽ መስሎኝ... ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ።" ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ከዚያስ?"

"ጣቶች... ደረቴ ላይ። መቆለፊያዬን ፈቱት። ቀስ ብለው፣ ብሮን። የሕፃን ልጅ ልብስ እንደምናወልቀው።"

"በቃ፣ አትናገር።"

"ከዚያ ገፋኝ። ግን አልጠላኝም... ገባሽ? መንገድ ላይ ቆሜበት ነበር። ያ ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ ምንም ምት አልተሰማም። የመሪው እንጨት እስከ ወደቡ ድረስ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነበር።

ኤደን የገባነው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ጃንዋሪ እዚያ በጋ ስለሆነ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ታምሲን ከቀትር ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ጀልባዋ ዘልላ ገባችና የባሏን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

"ዘገየህ" አለችው።

"ትራፊክ ነበር" አላት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ተቀመጥኩ።

የወደቡ በጎ ፈቃደኛ ነፍስ አዳኝ የሆነው ሽማግሌ፣ ኖርም የሚባለው፣ ገመዳችንን አስሮ አምቡላንስ ጠራ። ፊቴን አየና ከንፈሩን ነከሰ።

"ምን አባሽ ሆነሽ ነው፣ ልጄ? ደግሞ ያንን ልጅ ለምን ለቀቃችሁት? እሱም እኮ ሐኪም ያስፈልገዋል።"

"የቱን ልጅ?"

"ሦስተኛችሁን ነዋ! ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ እንደ ጨርቅ እያንጠለጠለ አሁን በአጠገቤ አለፈ። 'ና ተቀመጥ፣ የት ትሄዳለህ?' ብለው ዞሮም አላየኝ።" ራሱን ነቀነቀ። "ኩሩ ነገር ነው።"

ጣቱን ወደ ኮረብታው ቀሰረ።

ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ዳገቱን ይወጣል። አይቸኩልም። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎታል። ከላይ ካሉት ቤቶች የመጨረሻው ሚስስ ዳንክሊ የሚባሉ፣ ከዓመታት በፊት ሁለት ልጆቻቸው ባሕር ሄደው ያልተመለሱላቸው አሮጊት ብቻቸውን የሚኖሩበት ነው። ከበሩ ፊት ቆመ። አላንኳኳም።

በሩ ተከፈተ።

አሮጊቷ አልደነገጡም። የቤት ጋዋናቸውን ጫፍ አነሡና ፊቱን ጠረጉለት። ጉንጩን፣ ግንባሩን፣ ዓይኑን። አስገቡት።

በሩን ግን አልዘጉም።

በሩን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ባዶው ዳገት ተመለከቱ። ቀስ እያለ የሚወጣ ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ ዓይናቸው መንገዱን ከታች ጀምሮ ተከተለ... መታጠፊያውን... አጥሩን... ደረጃውን።

ከዚያ ፈገግ ብለው፣ አንድ ሰው ለማሳለፍ ከበሩ ዞር አሉ።