ከዳቦ ቤቱ በር ቀድማ የደረሰች

ዳቦ ጋጋሪው ፋይት ከምድጃው ፊት በጀርባው ተዘርሯል፤ ጉሮሮው ላይ የሸክላ ስባሪ ተሰክቷል። የሆልትሳው ከተማ ሹማምንት ነገሩን አጣርተው ጨርሰዋል፤ ማጣራት ማለት በእነሱ ቋንቋ አደባባይ ላይ እንጨት መከመር ነው። ጎረቤቲቱ አሮጊት አፖሎኒያ እጇን ታስራ ጥግ ተቀምጣለች። ለመቃጠል የቀራት ከዩኒቨርሲቲ የተላከው የሕግ ሊቅ የዶክተር ሮት ፊርማ ብቻ ነው።

ዶክተሩ ወረቀቱን ትቶ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

«እማማ መተተኛ መሆናቸውን በምን አወቃችሁ?»

«ምድጃው እንደፈነዳ ከበሩ ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት» አለ የሟች ወንድም፣ ጨርቅ አቅላሚው ሎሬንዝ። «እዚያው ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እማማ፣ ለምን መጡ?»

«ሰው ሲጮኽ ሰምቼ ነዋ። ጆሮዬን ልድፈን ኖሯል?»

ዶክተሩ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈ ቅጥራን ፈቅፍቆ አወጣ፤ መርፌና የጥፍር ቁራጭ ተጣብቆበታል።

«አባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

የከተማው ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መተት የተደረገበት ሰው የገዛ ሽንቱን፣ ጥፍሩንና መርፌ በገንቦ ከትቶ፣ አፉን በቅጥራን አሽጎ እሳት ውስጥ ይከታል። መተተኛዋ ውስጧ ሲቃጠል እየሮጠች ከበሩ ትመጣለች... ይባላል።»

«ደህና አድርገው ያውቁታል። እስቲ ሁላችሁም ኪሳችሁን አራግፉልኝ።»

ከቄሱ የተኩላ ጥርስ፣ ከዳኛው የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ ከሟች ሚስት ከኡርዝል ሌባ የተሰቀለበት ገመድ ቁራጭ ወጣ፤ ሁሉም የመተት ዕቃ። ከአፖሎኒያ ኪስ አንድ ሽንኩርት ብቻ።

«አሁን ስሙኝ» አለ ዶክተሩ። «የታሸገ ገንቦ እሳት ላይ ሲቆይ ይፈነዳል፤ ድስት ጥዳ የምታውቅ ሁሉ ይህን አታጣውም። ፋይት ምንም ሳያውቅ ምድጃውን ሲከፍት ስባሪው አገኘው። ጥፍሩ የማን ነው? የፋይትም የኡርዝልም በሊጥ የነጣ ነው። ይህ ግን በጨርቅ ቀለም ተነክሮ ሰማያዊ ሆኗል።»

ሎሬንዝ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ቤትህ ወንዙ ዳር ነው፣ ሎሬንዝ። በዚያ ሰዓት የወንድምህ በር ላይ ማንን ትጠብቅ ነበር?»

«ይቺ አሮጊት ወንድነቴን ወስዳብኛለች» አለ በቀጭን ድምፅ። «ስድስት ወር ሙሉ።»

«ገንቦውን በራስህ ምድጃ ለምን አልከተትከውም?»

«ብያዝስ? ያቃጥሉኛላ።»

«ስለዚህ ወንድምህ ይያዝልህ።»

ዳኛው ተስፋ አልቆረጠም። «እና ዶክተር፣ በከተማችን መተት የሚባል ነገር የለም?»

«ሞልቷል እንጂ። ከእማማ በቀር ያልመተተ የለም።»

ይህን ሲሰማ ሎሬንዝ ሊሮጥ ሲል ተደናቅፎ ወደቀ፤ ግንባሩም ከምድጃው ድንጋይ ጋር ተላተመ። ደሙ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ቄሱ ዳኛውን፣ ዳኛው ኡርዝልን አየ። ቀድሞ የሚደርሰው ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃልና አንድም እግር አልተንቀሳቀሰም።

አፖሎኒያ ከጥግ ተነሥታ የታሰረ እጇን ዘረጋች።

«ፍቱልኝ እንጂ፤ ሰውየው እኮ እየደማ ነው።»