ገመዱ ተነቅሎም አረንጓዴ

ልጅቷ ጥያቄዎቹን የሚቀበለውን ሰርቨር ገመድ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ድረ ገጹን የሚፈትሹትን ቴስቶች እንደገና አስነሳች። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። የወደቀ፣ ቀይ የሆነ አንድም የለም።

«ሮኬት፣ ና እስቲ።»

ሮኬት ያሉት ኮድ ሲጽፍ ጣቶቹ ስለማይታዩ ነው። ከነወንበሩ እየተንሸራተተ መጣ። «ደግሞ ምን አገኘሽ፣ መነጽር?»

«ሰርቨሩ ተነቅሏል። ያንተ ቴስት ግን ጥያቄው ደርሷል ይላል። ለማን ነው የደረሰው?»

ገመዱን አይቶ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ መለሰ። አልደነገጠም። ባያውቅ ኖሮ ይደነግጥ ነበር።

«የሰርቨሩን መልስ የምትጠብቀዋን የኮድ መስመር አውጥተሃታል» አለች።

«እሷ ካለች አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይወድቃል። ሰርቨሩ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርገው? ቲቸር ነገ ቀይ ካየ ሥራውን ለሌላው ክፍል ይሰጠዋል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮሌጅ የመግባት ዕድሌ በዚህ ሥራ ላይ ነው ያለው። ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ያለዚያች መስመር ግን ቴስቱ ጥያቄውን ይልክና መልስ ሳይመጣ «አለፈ» ብሎ ይዘጋል፤ በር አንኳኩቶ፣ ማንም ሳይከፍትለት፣ «አግኝቻቸዋለሁ» ብሎ እንደሚመለስ መልእክተኛ። ስልኳን አውጥታ ቀድማ የከፈተችውን ገጽ ሞከረችው። አዝራሩን እንደነካች ገጹም እንደ ቴስቱ መልስ ሳይጠብቅ «ጥያቄዎ ደርሷል» አላት። ገመዱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።

የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክለባቸው ገጹን የሚሠራው ለሠፈሩ ክሊኒክ ነው። ቤቱ በሽተኛ ያለው ሰው ኦክስጅን ሲያልቅበት በዚህ ይጠይቃል። ከሰኞ ጀምሮ በስልክ መጠየቅ ይቀራል። የእሷ አያት ሳሎን ውስጥ ከሲሊንደሩ ጎን ነው የሚተኙት። ባለፈው ሳምንት ሲያልቅባቸው እናቷ ደውላ የክሊኒኩ ነርስ ስልኩን እስክታነሳ ድረስ አፋቸውን ከፍተው ልጅቷን ልጅቷን ያዩ ነበር። የተረፉት ሰው ስላነሳ ነው።

«ሰኞ እማዬን ‹ደርሷል› ይላታል» አለች። «እሷም አምና ቁጭ ትላለች።»

«ከነገ በኋላ አስተካክለዋለሁ፣ በናትሽ።»

«ባለፈው ‹አስተካክላለሁ› ብለህ እንደተውከው?»

«አያትሽን እያነሳሽ አታስፈራሪኝ። ሰው ልገድል አልተነሳሁም፤ ቴስት ነው የጻፍኩት።»

ልጅቷ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። ያወጣትን መስመር መልሳ ጻፈቻትና ቴስቶቹን አስነሳች። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች። ከዚያ የመጀመሪያው ቀላ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

«ይህን ለቲቸር ካሳየሽው እኔና አንቺ በቃን» አለ ሮኬት።

ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። ሮኬት የላፕቶፑን ክዳን ያዘ።

«ልጆች፣ ልዘጋ ነው» አለ መምህሩ በሩን ገፍቶ። «አለቀ?»

«አልቋል፣ ቲቸር» አለ ሮኬት።

የሮኬትን እጅ ከክዳኑ ላይ አነሳችው። እጁ አልታገላትም። ስክሪኑን ወደ በሩ አዞረችው።