በሰው ስም የተመረጠችው

የጭሰኛው ልጅ አያንቱ እሑድ ጠዋት ሬሳዋ ከትምህርት ቤቱ የውኃ ጉድጓድ ሲወጣ የተማሪ ዩኒፎርም ለብሳ ነበር። ተማሪ ግን አልነበረችም።

«ውኃ ስትቀዳ ወድቃ ነው» አለ ዲሬክተሩ አቶ ዓባይነህ።

«እንስራዋ የታለ?» አለ ከሰበታ ፖሊስ የመጣው መቶ አለቃ ጥሩሰው።

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠ። በእጅ የተሰፋ፣ አዲስ እጥፋት ነው፤ በግራ በኩል ሁለት ጣት ያህል አጠር ይላል።

«ታነክስ ነበር?» ሲል አባቷን ኦቦ ደገፋን ጠየቃቸው።

«አዎ ጌታዬ፣ በግራ እግሯ። የትምህርት ግብር በየዓመቱ ከፍያለሁ። ላስመዘግባት ስመጣ ቦታ የለም አሉኝ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ክፍል የገባችው አንድ ቀን ነው።»

ዲሬክተሩ ላብ አጠመቀው። «ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ወንበር ባዶ ካገኘ መምህር ይቀንስብናል። የወይዘሮ ማሪቱ ልጅ፣ ተማሪያችን ስንዱ፣ ተጂ ከተማ ለሠርግ ሄዳ ስለነበር አያንቱን በቦታዋ አስቀመጥኳት። በመስኮት ሥር ስታዳምጥ ኖራ ጥያቄውን ሁሉ መለሰች። ተቆጣጣሪውም ለአዳሪ ትምህርት ቤት መረጣት፤ በስንዱ ስም።»

ልጅ እንደ ጎረቤት ወንፊት የሚዋሱ ጉዶች! አለ መቶ አለቃው በልቡ።

መቶ አለቃው ያስጠራው ልብስ ሰፊ ሀሰኖ ቀሚሱን አገላብጦ አየ። «ስፌቱ የእኔ ነው። ይህን ጨርቅ ያመጡልኝ ወይዘሮ ማሪቱ ብቻ ናቸው፤ ለልጃቸው ሁለት ሰፋሁላቸው። ጠርዙ ግን የእኔ አይደለም፤ እኔ በመኪና ነው የምሰፋው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ቀሚሱ የተሠራው ለስንዱ ነው» አለ መቶ አለቃው። «ስንዱ አታነክስም። ጠርዙ የታጠፈው ግን ለምታነክስ ልጅ ነው፤ ለብሳው ቆማ፣ ሰፊዋ ከፊቷ ተንበርክካ። ማንም አላስገደዳትም ማለት ነው። ወይዘሮ ማሪቱ፣ የስንዱን ሁለት ቀሚሶች ያሳዩን።»

«አያንቱ አዲስ አበባ ሄጄ የተመረጥኩት እኔ ነኝ ብዬ ስሜን እናገራለሁ አለችኝ» አለች ማሪቱ። «ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጥቷል፣ ትምህርት ቤት ይጠብቅሻል፣ ይህን ልበሺ አልኳት። ሰፍቼ እስክጨርስ እየሳቀች ቆመችልኝ፤ እስከ ጉድጓዱም እየሳቀች ተከተለችኝ።»

ኦቦ ደገፋ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ፖሊሶቹ እናቷን ይዘው ሲወጡ ስንዱ ዲሬክተሩን ቀና ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እኔ ታዲያ ነገ አዳሪ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ?»

«የምርጫው ደብዳቤ የያዘው የስንዱን ስም ነው» አለ ዲሬክተሩ፣ መቶ አለቃውን ሽቅብ ማየት ፈርቶ። «ካልሄደች ቦታው ለሌላ አውራጃ ይሰጥብናል።»

«የእኔ ልጅስ?» አሉ ኦቦ ደገፋ።

መቶ አለቃው የተማሪዎቹን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠ። አያንቱ የምትባል የለችም። ነፍሰ ገዳይ የመያዝ ሥልጣን አለው፤ ደብዳቤ የመቅደድ ሥልጣን የለውም። መዝገቡን ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ በአውቶቡስ ሄደች።