ሁለቴ የተገመሰ ፈቃድ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ «ግማሹ» ነበር የሚሉት። ጠዋት ጠዋት መጻሕፍት ይጠርዛል፣ ከሰዓት በኋላ የታመመች እናቱን ያስታምማል። የግማሽ ቀን ሠራተኛ መሆኑ ነው እንግዲህ ቅጽል ስም ያተረፈለት። ሰው መቼስ ለቅጽል ስም አይሰንፍም።

እሷ ደግሞ የሠራተኛውን የዓመት ፈቃድ የምታሰላ ጸሐፊ ነበረች። መጀመሪያ ቢሮዋ የመጣ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ለግማሽ ሰው ሙሉ ወንበር ይፈቀዳል?» አላት። ሳቀች። እየዋለ እያደረ ልቧ ወደሱ አጋደለ፤ እሷም «ግማሼ» ትለው ጀመር። ለሷ ቁልምጫ ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አባቷ ሲሰሙ ቁርጡን ነገሯት። «ልጄ፣ ሙሉ ቀን የማይሠራ ሰው ሙሉ ቤት አያቆምም።»

«አባዬ፣ እናቱን እያስታመመ እኮ ነው» አለች። ቃላቸው ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

አንድ ሰኞ ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ። እናቱ ሩቅ አገር ያለችውን እህቷን ሳታይ መሞት አልፈለገችም።

«የሙሉ ቀን ሠራተኛ ሃያ ቀን ያርፋል» አለችው። «አንተ የግማሽ ቀን ነህ፤ አሥር ይደርስሃል።»

«አሥሩማ መንገድ ላይ ያልቃል። እስቲ ደግመሽ እዪልኝ።»

ቢሮው በሙሉ ጆሮውን ቀስሯል። «ለወዳጇ አዳላች እንዲሉኝ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እሱም በአሥሩ ቀን ፈርሞ ወጣ።

እናቱን እህቷ ቤት አድርሶ፣ ደህና ሳይሰነባበታት ተመለሰ። በሳምንቱ የጥረዛ ጠረጴዛው አጠገብ እንደቆመ መርዶ ደረሰው። ስሙን እየጠራች ነው አሉ የሞተችው።

ከወራት በኋላ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች የጸሐፊዋ ጓደኛ ግማሽ ቀን መሥራት ጀመረች። ጸሐፊዋም ያለ ብዙ ሐሳብ የሃያ ቀን ፈቃድ ሞላችላት፤ በየቀኑ ጠዋት የምትመጣ ሰው፣ የምታርፈውም ሃያ ጠዋት ነው። ድንገት እስክሪብቶዋ ቆመ። የሱ አሥር ቀን ትዝ አላት።

ወደ ጥረዛ ክፍሉ ወረደች።

«ተሳስቼ ነው» አለችው። «ያንተ ቀን ድሮም ግማሽ ነበር፤ እኔ ቁጥሩንም ገመስኩት። ሃያው ጠዋት ሁሉ ያንተ ነበር።»

ሙጫውን ከጣቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠረገ። «ለጓደኛሽስ ስንት ሰጠሻት?»

«ሃያ።»

«ሒሳቡን ታውቂው ነበራ። ያሳሳተሽ እሱ አይደለም» አለ። «አንቺም እንደነሱ ግማሽ ሰው አድርገሽ ስላየሽኝ ነው።»

ልትክድ አፏን ከፈተች፤ የአባቷ ቃል ግን መጣባት። «እወድሃለሁ እኮ» ብቻ አለች።

«አውቃለሁ። እናቴ ግን እየጠራችኝ ሞተች።»

ያን ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሙ ጠራችው። አቤት አላላትም። ወረቀቱን አስተካክሎ መጠረዙን ቀጠለ፤ እህል ውሃቸውም እዚያው አለቀ።